ዕዳ አለብኝ፣ አስመላሽ በር ላይ ቆሟል፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ብዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በመተማመን ነው። ነጋዴው ለጥምቀት ዕቃ ለማስገባት ይበደራል። ሰሊጥ የዘራው ለአራሚና ለአጫጅ የሚከፍለው ሲያጥረው ይበደራል። ደሞዝተኛው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሙላት ይበደራል። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡ ሳይሞላ ሲቀር ስልኩ መጮህ ይጀምራል። መጀመሪያ አበዳሪው ራሱ ይደውላል። ቀጥሎ የማያውቁት ሰው።

የሕግ ምክር ፈልገው ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። ብዙዎቹ የሚመጡት አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ ዕዳ ስላለባቸው ብቻ መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። ባለ ዕዳ ገንዘብ አለበት፣ እሱን መክፈል አለበት። ያስያዘው ነገር ካለ ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ክብሩን አላስያዘም።

የተበደርኩት እውነት ነው። ታዲያ አስመላሹ የፈለገውን ቢያደርግ ምን እላለሁ?

ብዙ ማለት ይችላሉ። አበዳሪ ያለው መብት መጠየቅ ነው፤ እምቢ ከተባለ ደግሞ መክሰስ። ይደውል፣ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሽማግሌ ይላክ፣ ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ ሁሉም መብቱ ነው። እንዲያውም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1772 ላይ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። በግድ ማስከፈል ግን የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አበዳሪም፣ አስመላሽም፣ የሰፈር ጉልበተኛም ፍርድ ቤትን ተክቶ ሊሠራ አይችልም።

በአገራችን ስለ ዕዳ አስመላሾች ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ አዋጅ ተፈልጎ አይገኝም። ጥበቃው ተበታትኖ ነው ያለው፤ ከፊሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከፊሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ ከፊሉ በወንጀል ሕጉ። ሰው መብቱን የማያውቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ፖሊስ ይዤ መጥቼ አሳስርሃለሁ» አለኝ። ዕዳ ያሳስራል?

ይህ ጥያቄ የማይመጣበት ሳምንት የለም።

ተበድሮ መክፈል አለመቻል ወንጀል አይደለም። አበዳሪው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ብሬን ከለከለኝ» ቢል፣ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ ወደ ፍርድ ቤት ሂድ ነው መልሱ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 የተቀበልናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ተከሰው፣ ተፈርዶብዎት፣ የመክፈል አቅም እያለዎት ሆን ብለው ገንዘቡን ቢደብቁ፣ ፍርዱን የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ታስረው እንዲቆዩ ሊያዝ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ እስሩም ከ6 ወር አይበልጥም። ልብ ይበሉ፦ መጀመሪያ ፍርድ አለ፣ ቀጥሎ አቅም መኖሩ ይጣራል፣ ትእዛዙም የዳኛ ነው። በስልክ «ነገ ትታሰራለህ» የሚል ሰው ከእነዚህ አንዱም በእጁ የለም።

ሁለት ነገሮች ግን ዕዳን ወደ ወንጀል ይቀይሩታል። አንዱ ማታለል ነው፤ በሐሰተኛ መታወቂያ ወይም በሌለ ንብረት ሰውን አሳምኖ መበደር። ሌላው ቼክ ነው።

አበዳሪው «ለዋስትና» ብሎ ባዶ ቼክ አስፈርሞኛል። ችግር አለው?

አለው፣ ትልቅ ችግር። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 በቂ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ባንክ ውስጥ የሚከፈልበት ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣትን ይቀጣል። አበዳሪዎች ቼክ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ያለ ቼኩ የፍትሐ ብሔር የሚሆነውን ዕዳ በአንድ ወረቀት የወንጀል ያደርጉታል። «እኔ ጋ ይቀመጥ እንጂ ባንክ አልወስደውም» የሚል የቃል ተስፋ ቼኩ ላይ አይነበብም። ቼኩ ከእጅዎ ከወጣ ለመያዣነት መሰጠቱን የሚገልጽ በሁለታችሁ የተፈረመ ወረቀት እንዲኖር ዛሬውኑ ይጣሩ። ቼኩ ባንክ ቀርቦ ከተመለሰ ግን ይህ ጽሑፍ አይበቃዎትም፤ በቀጥታ ጠበቃ ጋ ይሂዱ።

ባዶ ወረቀት ላይ መፈረምም ያው ነው። ቁጥሩ ያልተሞላ ውል ላይ አይፈርሙ። ለወንድምዎም ቢሆን።

የሚደውለውን ሰው አላውቀውም። «ዕዳህን ለእኔ ክፈል» ይለኛል። ልክፈለው?

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስምህ ማን ነው፣ ማን ላከህ፣ ውክልናህን አሳየኝ። አበዳሪው ሌላ ሰው ወክሎ ገንዘብ ማስመለስ ይችላል። መብቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ይችላል፣ ለዚህ የእርስዎ ፈቃድ በመርሕ ደረጃ አያስፈልግም። እርስዎ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ለመቀበል ሥልጣን እንዳለው የማረጋገጥ መብት አለዎት። ሥልጣን ለሌለው ሰው ከከፈሉ አበዳሪው ነገ መጥቶ «እኔ አልተቀበልኩም» ሊል ይችላል።

ቀላሉ መንገድ ዋናውን አበዳሪ በሚያውቁት ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። ብድሩ የባንክ ወይም የብድር ተቋም ከሆነ ቅርንጫፉ ድረስ ይሂዱ፤ ክፍያውንም በተቋሙ ሒሳብ ብቻ ያስገቡ። የብድር ሠራተኛ ነኝ ባይ በግል ቁጥሩ በቴሌብር ላክልኝ ካለ አይላኩ። የሚስጥር ቁጥርዎን ወይም በአጭር መልእክት የገባልዎትን ኮድ ከጠየቀ ደግሞ ስልኩን ይዝጉት። እውነተኛ አስመላሽ የእርስዎን የሚስጥር ቁጥር የሚፈልግበት ምክንያት የለም።

በየሳምንቱ ስከፍል ቆይቻለሁ። አሁን ግን «አንድ ብር አልከፈልሽም» ተባልኩ።

ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እናት ያሳየችኝ ደብተር ዓይኔ ላይ አለ። የልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ከኋላ ገልብጣ የጀመረችው። በየቅዳሜው 1,000፣ 1,000 እየተባለ ቁጥሩ ተደርድሯል። ቀኑ አለ፣ ድምሩ አለ። አንድም መስመር ላይ የተቀባዩ ፊርማ የለም። የጻፈችውም ራሷ ናት።

ሕጉ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት (ዕዳውን በማመን) ወይም መሐላ ካልሆነ በሌላ አይረጋገጥም ይላል። ለመክፈልዎ ማስረጃም ደንቡ ይኸው ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አስቤዛም አይሞላም። ስለዚህ በተግባር ማንኛውም ክፍያ ወረቀት ይፈልጋል ማለት ነው። ምስክር «ሲሰጡት አይቻለሁ» ቢልልዎ ላይበቃ ይችላል።

ከፋይ ደረሰኝ የመጠየቅ መብት አለው። በእጅ ከሰጡ እዚያው ያስፈርሙ፦ ቀን፣ መጠን፣ የየትኛው ዕዳ ክፍያ እንደሆነ፣ የተቀባይ ስምና ፊርማ። የሚሻለው በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ነው፤ ምክንያቱ የሚለው ቦታ ላይም «የብድር ክፍያ» ብለው ይጻፉ። ዕዳው ሲያልቅ ዋናውን የብድር ወረቀት መልሰው ይቀበሉ። ተቀድዷል፣ ጠፍቷል ከተባሉ «ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ከዚህ በኋላ የምጠይቀው የለም» የሚል ወረቀት ያስፈርሙ። ይህን ሲጠይቁ አበዳሪው ቢኮሳተር እንኳ አይፈሩ። በመተማመን የተጀመረ ብድር በወረቀት ቢጨረስ ለሁለቱም ደግ ነው።

ሱቄ ድረስ መጥቶ ደንበኛ ፊት ሰደበኝ። ቴሌግራም ላይም ፎቶዬን ለጠፈ።

ድሮ ባለ ዕዳና አበዳሪ አብረው ተቆራኝተው፣ እስኪከፋፈሉ ድረስ አገር እያያቸው ይሄዱ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። የዛሬው ሕግ በዕዳ ምክንያት ሰውን ማዋረድ አይፈቅድም።

ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 580 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ስም ማጥፋትና ስድብም እንዲሁ ወንጀል ናቸው። ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባትም፣ ሰውን ይዞ አላስወጣም ማለትም ያስቀጣሉ። «ገንዘቤን ስለከለከለኝ ነው» የሚል መልስ ከእነዚህ አያድንም።

በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። በአንቀጽ 13 ላይ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ማስፈራራትን፣ መልእክት እየደጋገሙ መላክን የመሰለ ማስጨነቅን፣ ስም ማጥፋትን ይቀጣል። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ውሉን ሲፈርሙ የሰጡት መታወቂያና ፎቶ የቴሌግራም ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈቀዱም።

ማስረጃው እንዳይጠፋ ይፍጠኑ። ፎቶው ሳይነሳ ስክሪንሾት ያንሱ፣ የቻናሉ ስምና ሰዓቱ ይታይ። የድምፅ መልእክቶችን አያጥፉ። የተደወለበትን ቁጥርና ቀን ይጻፉ። ሱቅ ውስጥ የሆነውን የሰሙ ደንበኞችን ስም ይያዙ። መልስ ሲሰጡ ደግሞ ምላስዎን ይጠብቁ። ተሳድበው ከመለሱ ጉዳዩ «ተሰዳደቡ» ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ጥሩ አቤቱታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ዕዳዬን አልካድኩም። በዚህ ቀን በዚህ መጠን እከፍላለሁ። ከዚህ በኋላ በጽሑፍ ብቻ አናግረኝ፤ ቤተሰቤንና ደንበኞቼን አታስቸግር።»

«አልካድኩም» የሚለውን ግን ሁሉም ሰው ሊጽፈው አይገባም። ዕዳው ያረጀ ወይም መጠኑ የሚያከራክር ከሆነ ስለ አሮጌ ዕዳ የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው ያንብቡ።

ቴሌቪዥኔን አንስቶ ወሰደ። ይችላል?

አይችልም። በውል ለመያዣ ካልሰጡት በስተቀር ቤትዎ ገብቶ ዕቃ ማንሳት ዕዳ መሰብሰብ አይባልም፤ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ፍርድ ቤት እንኳ ፈርዶብዎት ንብረትዎ ለዕዳው ሲያዝ የማይነኩ ነገሮች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ይዘረዝራቸዋል። የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይያዙም። የሚሠሩበት መሣሪያም አይያዝም፤ አራዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናው፣ የፀጉር ባለሙያዋ ማሽኗ ማለት ነው። ለገበሬ ለኑሮው የሚያስፈልጉ ከብቶችና ዘር ይጠበቁለታል። ለቤተሰብ የ3 ወር ቀለብ የሚሆን ምግብና ገንዘብ ይተዋል። ጡረታና በሕግ ለሰው የሚቆረጥለት ቀለብ አይነካም። ከደሞዝም ሁለት ሦስተኛው አይያዝም። የ9,000 ብር ደሞዝተኛ ከሆኑ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊቆረጥ የሚችለው ከ3,000 ብር አይበልጥም ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011ም የደሞዝ ቅነሳ ከወር ደሞዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል።

እነዚህን መብቶች ግን አፈጻጸሙ ላይ ቀርበው ማንሳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ዕቃ ሊመዘገብ ሲመጣ ዝም ብሎ ማየት ጥሩ አይደለም፤ «ይኼ የመተዳደሪያ መሣሪያዬ ነው» ብለው ያስመዝግቡ፣ ለችሎቱም በጽሑፍ ያመልክቱ።

በወር 10 በመቶ ወለድ ተበድሬአለሁ። ሁሉንም መክፈል አለብኝ?

ሒሳቡን እንሥራው። 50,000 ብር በወር 10 በመቶ ማለት በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር ወለድ ነው። ዋናው ገና ሳይነካ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፣ ቁጥር 2479። ለዚያው 50,000 ብር በዓመት ከ6,000 አይበልጥም። ወለድ እንዳለ ተስማምተው መጠኑን በጽሑፍ ካልወሰኑ 9 በመቶ ይሆናል። ወለዱ ከዋናው ጋር እየተደመረ ሌላ ወለድ እንዲወልድ አስቀድሞ መስማማትም አይቻልም። የባንኮች ወለድ በሌላ ሥርዓት ስለሚመራ ይህ ጣሪያ እነሱ ላይ አይሠራም።

ከዚህ በላይ የሚያስከፍለው አራጣ አበዳሪ ነው። የሰውን ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ ቁጥር 712 ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ ውሉ ላይ ወለድ አይጽፍም። 50,000 ሰጥቶ 110,000 እንደተበደሩ አድርጎ ያስፈርማል። ወረቀቱን ያየ ዳኛ ያለ ወለድ የተሰጠ የደግ ሰው ብድር ነው የሚያየው። እኔ በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የተበዳዩ የራሱ ፊርማ ነው የሚመሰክርበት። ያም ሆኖ ጉዳዩ ያለቀለት አይደለም። ገንዘቡ በባንክ ከመጣ ምን ያህል እንደገባልዎ የሒሳብ መግለጫው ይናገራል። ስለ ወለድ የተጻጻፋችሁት መልእክት ካለ ይያዙት። በየወሩ እኩል መጠን ሲልኩ ከቆዩ እሱም ፍንጭ ነው። እነዚህን ይዘው ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ።

ዋስ ሆኜ ነው። ተበዳሪው ጠፋ፣ እኔን ያዙኝ።

ጎንደር ላይ ከመምህርና ከጤና ባለሙያ የማይጠየቅ ነገር ቢኖር ዋስትና ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ እነሱ ናቸው ቋሚ ደሞዝ አላቸው ተብለው ሁሌ የሚለመኑት። አዘዞ የተመደበ መምህር ለባልንጀራው ፈርሞ፣ ባልንጀራው አገር ጥሎ ሲሄድ፣ ደሞዙ ሲቆረጥ ማየት የተለመደ ሆኗል።

መጀመሪያ የፈረሙትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ፣ ሳያዩት አንድ ብር አይክፈሉ። ቀጥሎ እነዚህን ይመልከቱ። ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ «በል እኔ አለሁ» የሚል የቃል ዋስ በሕግ ፊት ዋስ አይባልም። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ወረቀቱ ላይ መገለጽ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና ውጤት የለውም ይላል። ዋሱም ከዋናው ባለ ዕዳ የበለጠ አይጠየቅም።

ከዚያ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ይፈልጉ። ካለ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል። ከሌለና ተራ ዋስ ከሆኑ ግን መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይፈለግልኝ የማለት መብት አለዎት። ይህን ክርክር ገና ሲከሰሱ ነው ማንሳት ያለብዎ፤ ቆይቶ አይሠራም። የተበዳሪውን ቤት፣ መኪና ወይም የባንክ ሒሳብ የሚያውቁ ከሆነ እዚያው ይጠቁሙ።

ከከፈሉ በኋላም ነገሩ አላበቃም። የከፈሉትን ከዋናው ተበዳሪ የማስመለስ መብት አለዎት። ስለዚህ ከደሞዝ የተቆረጠበትን ደብዳቤ ሁሉ ያስቀምጡ።

በቡድን ዋስትና ተበድረው ከሆነም የፈረሙት የቡድኑ ውል ነው የሚወስነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ ፀደይ ባንክ ከመሆኑ በፊት ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ተበድሯል። የቡድኑ አባላት ጓደኛቸውን መጠየቃቸው ያለ ነው፤ ቤቱ ሄደው ማስፈራራት ግን እነሱንም ያስጠይቃል።

ባንክ ቤቴን ሊሸጠው ነው። ፍርድ ቤት ሳይሄድ ይችላል?

የመያዣ ውሉ ላይ ከተስማሙ፣ አዎ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ግን መስጠት አለባቸው። የሐራጁን ሥርዓት ጥሰው ጉዳት ካደረሱ ይጠየቃሉ። ከዕዳው የተረፈው ገንዘብም የእርስዎ ነው።

እነዚያ 30 ቀናት ወርቅ ናቸው። በማስጠንቀቂያው ሳምንት ባንኩ ሄደው የብድሩ ጊዜ እንዲራዘም ወይም ክፍያው እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያስገቡበትንም ማህተም ያስመቱ። ገዢ ካለዎት በባንኩ ስምምነት ራስዎ መሸጡ ብዙ ጊዜ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያመጣል። ቅሬታ ካለዎት በመጀመሪያ ለባንኩ ቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ መፍትሔ ካላገኙ ለብሔራዊ ባንክ ያቅርቡ።

ዕዳው የድሮ ነው። አሁን ድንገት ይጠይቀኛል።

የብድር ክስ በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845። የሚቆጠረውም ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ዳኛው ግን ይርጋውን በራሱ አያነሳልዎትም፤ ካላሉ አለፈዎት።

አስመላሾች የሚያጠምዱት እዚህ ላይ ነው። «ለምልክት ያህል 200 ብር ብቻ ላክልኝ» ወይም «ዕዳው እንዳለ ብቻ ፈርምልኝ» ይላሉ። ጊዜው ከማለፉ በፊት ከፊሉን መክፈል ወይም ዕዳውን ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ 10 ዓመቱም እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ካለፈም በኋላ አዲስ ውል ከፈረሙ አዲስ ዕዳ ፈጠሩ። የተበደሩትን ለመክፈል ከፈለጉ ይክፈሉ፣ ደግ ነገር ነው። ግን አውቀውት ይሁን።

ባሌ የተበደረውን እኔ እከፍላለሁ? የሟች አባቴንስ?

ለቤቱ ጥቅም የዋለ ዕዳ የባልና ሚስት የጋራ ዕዳ ይሆናል። ለግሉ ያዋለው ከሆነ ይህን ማስረዳት ይኖርብዎታል። የሟች ዕዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈለው ከውርሱ ነው፤ ወራሽ ውርሱን አልፈልግም የማለት መብት አለው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይነሳ መጥቶ «አባትሽ ዕዳ አለበት፣ ፈርሚ» የሚል ሰው ካለ አይፈርሙ። ወረቀቱን ያምጣ፣ ውርሱ ሲጣራ ያቅርበው።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ባልቀርብስ?

ይቅረቡ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ። መጥሪያ አልቀበልም ብሎ በር መዝጋት ክሱን አያስቀረውም፤ እርስዎ በሌሉበት ይፈረዳል፣ ከላይ ያነሳሁዋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ አብረው ይቀራሉ። አራጣው፣ ይርጋው፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም።

መጥሪያውን አገላብጠው ያንብቡ። የተወሰነ ገንዘብ ይከፈለኝ የሚል ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም፤ በመጀመሪያ በመሐላ በተደገፈ ማመልከቻ «ለመከላከል ይፈቀድልኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ሳያውቁ ቀጠሮ ቀን ባዶ እጃቸውን ሄደው የተፈረደባቸው ብዙ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልዎታል፤ ግን ታሪኩን በሙሉ ይንገሯቸው፣ ማስረጃዎንም ያያይዙ።

መጥሪያው ሳይደርስዎ ተፈርዶብዎት ከሆነ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳልዎት ማመልከት ይችላሉ። አንድ ወር ቶሎ ይሄዳል።

ፍርዱ ትክክል ከሆነና በአንዴ መክፈል ካልቻሉም አፈጻጸሙ ላይ ቀርበው የክፍያ ዕቅድ ያቅርቡ። በወር የሚችሉትን ቁጥር ይጥሩ እንጂ ሰው ለማስደሰት የማይችሉትን አይጥሩ።

ሽማግሌ ልላክ? ወይስ ቀጥታ ሕግ ቦታ ልሂድ?

ሽማግሌ ይላኩ፣ ቶሎ። ዕዳ ሳይካረር ሽማግሌ የሚፈታውን ፍርድ ቤት በዓመት አይፈታውም። አበዳሪውም ብዙ ጊዜ የሚናደደው ገንዘቡ ስለዘገየ ብቻ አይደለም፤ ስልክ ስለማይነሳለትም ነው። የተስማሙበትን ግን በጽሑፍ ያስፍሩ፦ ጠቅላላ መጠን፣ በየወሩ የሚከፈለው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የተተወ ወለድ ካለም እሱ ጭምር። ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ።

ማስፈራራት ወይም ድብደባ ካለ ግን ሽማግሌ አይጠብቁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ። ጠበቃ መክፈል ካልቻሉ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችም አቅም የሌለውን ሰው ይረዳሉ። ሲሄዱ የብድሩን ውል፣ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ መልእክቶቹን ያለበትን ስልክ፣ መጥሪያ ካለም መጥሪያውን ይያዙ። ውሉ በእጅዎ ከሌለ ያንኑ ተናግረው ይጀምሩ፤ ቅጂውን ከአበዳሪው በጽሑፍ መጠየቂያ ደብዳቤ እዚያው ያዘጋጁልዎታል።